የዛማሌክ ደጋፊ ትዕግሥት የማን ሀብት ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 (ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.) የዛማሌክ ክለብ በካይሮ ዓለም አቀፍ ስታዲየም ከፒራሚድስ ጋር የግብፅ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታውን ያደረገበት ዕለት ነው። ቀኑ የአረፋ ቀን ነበር። ሑጃጁ በአረፋ ሜዳ ቆመው፣ በየአገሩ የቀሩት አያሌ ምእመናን ደግሞ ጾመው ውለዋል፤ በማግስቱም ዒድ አል-አድሐ ነው። ክለቡ በሚገኝበት በሞሃንዲሲን አካባቢ ልቡን ለነጭ ለባሾቹ የሰጠ ሰው በዚያ ቀን ሁለት ነገር ይጠብቅ ነበር። አንደኛው በዓሉ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚመጣ አይጠራጠርም። ሁለተኛው ዋንጫው ነው፤ ይህን ለመጠበቅ ግን፣ በዚያ የውድድር ዘመን ያየውን ሁሉ ካየ በኋላ፣ ድፍረት ያስፈልጋል።

ያየው ምን ነበር? ዘመኑ በደስታ እንደተጀመረ መዘንጋት አይገባም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ዛማሌክ የዘወትር ባላንጣውን አል-አህሊን ከ1 ለ 1 ውጤት በኋላ በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸንፎ የአፍሪካ ሱፐር ዋንጫን አነሣ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ጀመረ። ዋንጫውን ያስገኙት ፖርቱጋላዊው ጆዜ ጎሜዝ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሳዑዲው አል-ፈትሕ ሄዱ። በ2019 ለክለቡ የመጀመሪያውን የካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስገኙት ስዊዘርላንዳዊው ክሪስቲያን ግሮስ ተመልሰው መጡ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይተው ተሰናበቱ። በአይቮሪ ኮስቱ የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያን ለፍጻሜ ያደረሱት ጆዜ ፔሴይሮ ተተኩ፤ እርሳቸውም ግንቦት ላይ ተሸኙ። ቡድኑ ለዋንጫው ፍጻሜ ሲቀርብ አሠልጣኙ ግብፃዊው አይመን አል-ረማዲ ነበሩ፤ በአንድ የውድድር ዘመን አራተኛው ሰው መሆናቸው ነው።

ሜዳ ላይ የታየውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ዛማሌክ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ከደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ጋር በኬፕ ታውን ያለ ግብ ተለያይቶ፣ ኤፕሪል 9 ካይሮ ላይ በገዛ ደጋፊው ፊት 1 ለ 0 ተሸንፎ ከሩብ ፍጻሜው ወጣ። ማርች 11 ይካሄዳል ተብሎ በጉጉት የተጠበቀው የካይሮ ደርቢም፣ የውጭ አገር ዳኛ ይመደብ በሚለው ውዝግብ የተነሣ አል-አህሊ ወደ ሜዳ ሳይመጣ ቀርቶ፣ ሳይካሄድ ታለፈ። ደጋፊው የሚሸነፍበትን ጨዋታ እንኳ ያጣበት ምሽት ነበር ማለት ይቻላል። በሊጉ ሦስተኛ ወጡ። ሜይ 28 አል-አህሊ 45ኛ የሊግ ዋንጫውን አነሣ። የክለቡ ትልቅ ስም የነበረው አሕመድ ሰይድ «ዚዞ» በዚያው ሰሞን ውሉን ጨርሶ ያለ ዝውውር ክፍያ ቀዩን ማሊያ ለመልበስ ተስማማ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ የፍጻሜው ተጋጣሚ ማን ነው? ፒራሚድስ። የዛማሌክ ዕድሜ ከ1911 ይቆጠራል፤ ፒራሚድስ ይህን ስም ያገኘው በ2018 ነው። ይኸው ወጣት ክለብ ከፍጻሜው አራት ቀን አስቀድሞ፣ ጁን 1፣ የደቡብ አፍሪካውን ማሜሎዲ ሰንዳውንስን 2 ለ 1 አሸንፎ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ። ዛማሌክ ይህን ዋንጫ አምስት ጊዜ ያነሣ ቢሆንም የመጨረሻው የ2002 ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የዛማሌክ ደጋፊ ክለቡ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሲሆን በዓይኑ አላየም፤ ጎረቤቱ በሰባት ዓመት ሲያገኘው ግን አይቷል።

እንግዲህ ደጋፊው ጁን 5 ረፋድ ላይ ምን ያስብ ነበር? ጥያቄው ለእግር ኳስ ወሬ ማድመቂያ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህች ከተማ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየሳምንቱ የሚያስበው ሐሳብ ስለሆነ፣ ከዚያም በላይ አንድ ትልቅ ተቋም የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ስለሆነ፣ ጊዜ ወስዶ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው ጥቂት ማለት ያሻል። ዛማሌክ የሚለው ስም በዓባይ መካከል ያለችው ደሴት ስም ነው፤ ክለቡ ያለው ግን ከወንዙ በስተ ምዕራብ፣ በጊዛ ወገን፣ ሚት ዑቅባ በተባለው ሰፈር ነው። ሚት ዑቅባ የድሮ መንደር ነው። በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ በዙሪያው የነበረው እርሻ ለመሐንዲሶች ማኅበር አባላት መኖሪያ ተብሎ ተሸንሽኖ ሲሠራበት፣ አዲሱ ከተማ «ሞሃንዲሲን» ተባለ፤ ትርጉሙ መሐንዲሶች ማለት ነው። የዛማሌክ ወዳጆች ደግሞ ክለባቸውን ከጥንት ጀምሮ «የጥበብና የምህንድስና ትምህርት ቤት» ብለው ይጠሩታል። ኳስ እንደ ሥዕል የሚያምርበት፣ እንደ ንድፍ የተሰላበት ቤት ነው ማለታቸው ነው። ክለቡ መሐንዲሶች ሰፈር መገኘቱ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ባላንጦች ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር «መሐንዲሶቹ ዛሬ ሥራ አልገቡም?» ለማለት ምቹ ሆኖላቸዋል።

ሰፊው የዓረብ ሊግ ጎዳና ሞሃንዲሲንን ሰንጥቆ ያልፋል። በዳሩ የሙስጠፋ ማሕሙድ መስጊድ ይታያል፤ በዒድ ጠዋት ከመስጊዱ ሞልቶ የፈሰሰው ሰጋጅ ጎዳናውን ይሞላዋል። ዛማሌክ ዋንጫ ሲያገኝም ያው ጎዳና በመኪና ጥሩምባና በነጭ ባንዲራ ይሞላል። ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን ግን ሰፈሩ ያለ ጨዋታ ይቀራል፤ ሚት ዑቅባ ያለው የክለቡ የራሱ ሜዳ ዋናውን ቡድን አያስተናግድም። ደጋፊው ስታዲየም መግባት ከፈለገ «ተዝከርቲ» በተባለው ሥርዓት ቀድሞ ተመዝግቦ የደጋፊ መታወቂያ ማውጣት፣ ትኬቱንም በስልኩ መቁረጥ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ከተማዋን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አቋርጦ ናስር ሲቲ መድረስ አለበት። የቀረው በየሻይ ቤቱ ነው። በካይሮ አነጋገር «አህዋ» በሚባሉት በእነዚህ ቤቶች ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ወንበሩም እስከ አስፋልቱ ይዘረጋል። ከሺሻው ጢስ በታች የሚሰማው ወሬ ደግሞ የተማረ ተንታኝ የሚያስቀና ነው።

ያ ሰው ከጨዋታው በፊት ያለው አመለካከት በተስፋና በተስፋ መቁረጥ መካከል የሚዋዥቅ ይመስላል። ቀርቦ ላዳመጠው ግን የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ነገር፣ «እናሸንፋለን» አይልም። የአል-አህሊ ደጋፊ ይህን ቃል እንደ ሰላምታ ይናገረዋል፤ የዛማሌክ ደጋፊ ግን ብዙ ጊዜ ስለተቀጣበት ተጠንቅቆ ይዞታል። በምትኩ «ኢንሻአላህ ጥሩ ይጫወታሉ» ይላል። ቀጥሎ ስሌት ይጀምራል። ፒራሚድስ ደክሟል፤ ከአራት ቀን በፊት የአህጉር ፍጻሜ ተጫውቷል፤ የደስታው ድካም ደግሞ ከሩጫው ድካም ይብሳል። ዋንጫ እንደ ሊግ አይደለም፤ ሠላሳና አርባ ሳምንት ጽናት አይጠይቅም፤ አንድ ቀን ብቻ መሆን ይበቃል። ግሮስም ፔሴይሮም የሉም፤ ስለዚህ የእነርሱ ጥፋትም የለም። ዚዞ የለም፤ እንዲያውም ይሻላል፤ ልቡ ሌላ ቤት የሄደ ሰው እግሩ እዚህ ቢቀር ምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ ክፉ ዜና በዚህ አእምሮ ውስጥ ሲያልፍ ተገልብጦ የምሥራች ይሆናል።

ከስሌቱ በኋላ ቀልዱ ይመጣል። ካይሮ የቀልድ ከተማ ናት፤ የዛማሌክ ደጋፊ ደግሞ በራሱ ላይ መቀለድን የሚያህል መከላከያ እንደሌለ ያውቃል። ባላንጣው ሊሰድበው አፉን ሳይከፍት እርሱ ቀድሞ ራሱን ይሰድባል፤ ለልጁ ነጭ ማሊያ መግዛቱን «ልጄን ገና በጠዋቱ ትዕግሥት ላስተምረው ብዬ ነው» ብሎ ያስረዳል። የእኛ ሰው ቢያየው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሊለው ይችላል። ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው።

በ1976 ሮበርት ቺያልዲኒ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የታወቀ ጥናት አሳትሞ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የትምህርት ቤታቸውን ዓርማ ያለበት ልብስ ለብሰው መምጣት ያበዛሉ፤ ስለ ድል ሲያወሩ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲያወሩ ግን «ተሸነፉ» ወደሚለው ያዘነብላሉ። በሰው ክብር መሞቅ፣ ከሰው ውርደት መሸሽ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው ማለት ነው። በሚት ዑቅባ አህዋዎች ግን ሰዋስዉ የተለየ ነው። ስቴለንቦሽ ባሸነፈበት ሌሊት በዚያ የተሰማው «ተሸነፍን» የሚል ነበር፤ ሁሉም ነገሩን የግሉ ሐዘን አድርጎ ተናገረው። ክብሩን ለመካፈል ሲሉ የሚጠጉ ደጋፊዎች ያሉትን ያህል፣ ውርደቱን ላለመሸሽ ሲሉ የሚቀሩም አሉ። ሁለተኛዎቹ ለየትኛውም ክለብ ብርቅ ናቸው።

ይህ ጽናት ደግሞ በዋዛ የተገኘ አይደለም። ዛማሌክ 14 የሊግ ዋንጫዎች አሉት። ከ2004 በኋላ ግን ቀጣዩን ለማየት እስከ 2015 መጠበቅ ነበረበት፤ አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት አል-አህሊ በአገርም በአህጉርም ዋንጫ ሲሰበስብ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ አብሮ መኖር ግድ ነበር።

የ2015ቱ ዋንጫ ራሱ ያለ እንባ የሚታወስ አይደለም። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015 ዛማሌክ ከኤንፒ ጋር ሊጫወት በነበረበት ምሽት፣ በካይሮ ምሥራቅ በሚገኘው የአየር መከላከያ ስታዲየም በር ላይ፣ በብረት አጥር በተከለለ ጠባብ መግቢያ ውስጥ በተፈጠረው መጨናነቅ 20 ያህል የዛማሌክ ደጋፊዎች ሞቱ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012፣ ፖርት ሰዒድ ላይ ከ70 በላይ የአል-አህሊ ደጋፊዎች አልቀዋል። ሁለቱ ባላንጦች በሜዳ ላይ የማይስማሙትን ያህል በሐዘን መዝገብ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ሊጉ ለጊዜው ቆሞ ሲቀጥል ያለ ተመልካች ነበር፤ ዛማሌክም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያገኘውን ዋንጫ ያነሣው ደጋፊው በበሩ ላይ ሞቶ፣ የቀረው ከበሩ ታግዶ ሳለ ነው። ዛሬ «ተዝከርቲ» ላይ ተመዝግቦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተፈትሾ የሚገባ ሰው እነዚያን በሮች ያስታውሳል። ስለዚህ ደጋፊው ከጨዋታው በፊት የሚይዘው ተስፋ የሕፃን ተስፋ ነው ብሎ ማቃለል ነውር ይሆናል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣች አገር ናት። ከ1982ቱ ውድድር በኋላ ግን ዋልያዎቹን እንደገና በአፍሪካ ዋንጫ ለማየት 31 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ኦክቶበር 2012 ሱዳን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስትሸነፍ የታየው የመንገድ ላይ ደስታ የዚያ ሁሉ ዓመት ጥርቅም ነበር። በማግስቱ ዓመት በደቡብ አፍሪካ ቡድኑ ከአንድ አቻ በቀር ሌላ ነጥብ ሳያገኝ ሲመለስ፣ ደጋፊው አላፈረበትም። በዚያው በ2013 ቅዱስ ጊዮርጊስና ዛማሌክ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ተገናኝተው፣ ግብፅ ውስጥ 1 ለ 1፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ወጥተው፣ ዛማሌክ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠረው ግብ ብቻ እንዳለፈ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ያን ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲየም ሳይሸነፍ የወደቀ ቡድን ያየ ሰው ለሚት ዑቅባው ሰው ሐዘን ባዳ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ለደጋፊው ውዳሴ ነው። የሚቀጥለው ግን ለማንም አይመችም፤ ለደጋፊውም ጭምር።

የዛማሌክ ደጋፊ ለክለቡ ዕድሜ ልኩን ይታገሣል፤ ለአሠልጣኙ ግን ሦስት ሳምንት አይታገሥም። በ2004 እና በ2015 መካከል አንድ ቀን እንኳ ክለቡን ለመተው ያላሰበ ሰው፣ ሁለት ጨዋታ አቻ ሲወጣ የአሠልጣኙ ሻንጣ እንዲዘጋጅ ይጮኻል። ሁለቱ ጠባዮች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን አንዱ የሌላው መተንፈሻ ነው። ክለቡን መተው የማይችል ሰው ቁጣውን የሚያሳርፍበት፣ ሊተወው የሚችለው ነገር ይፈልጋል። አሠልጣኝ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባዕድ ነው፣ ብቻውን ነው፣ በአንድ መግለጫ ይሰናበታል።

ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት የክለብ አስተዳደሮች ናቸው። በግብፅም ሆነ በሌላ አገር፣ ቡድን ሲዳከም አሠልጣኝ ማሰናበት ለደጋፊ ከሚከፈሉ ክፍያዎች ሁሉ ርካሹ ሆኖ ይታያል፤ ምንም እንኳ የተሰናባቹ የውል ቀሪ በኋላ ሲሰላ ርካሽ ባይሆንም። ዛማሌክ ባለፉት ዓመታት ባልከፈላቸው ሒሳቦች የተነሣ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከአንድ ጊዜ በላይ ታግዷል። በስንብት የተገዛ የአንድ ሳምንት ሰላም በሌላ ዓመት የእገዳ ደብዳቤ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ያሰናበተው አካል በሥልጣን ላይ ላይኖር ይችላል፤ ደጋፊው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው አህዋ፣ እዚያው ወንበር ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው በቀላሉ የማይታይ አንድ ነገር አለ። የግብፅ ታላላቅ ክለቦች እንደ አውሮፓ ክለቦች የአንድ ባለሀብት ንብረት አይደሉም፤ የአባላት ክለቦች ናቸው። ቦርዱን የሚመርጠው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። አባል የሚሆነው ደግሞ የአባልነት ክፍያ ከፍሎ በክለቡ ግቢ የመዋኛ ገንዳውን፣ የቴኒስ ሜዳውን፣ የልጆች ሥልጠናውን የሚጠቀም ቤተሰብ ነው። ከእነርሱ መካከል የእግር ኳሱ ወዳጅ ብዙ መሆኑ ባይካድም፣ በኢምባባ ጠባብ መንገድ ላይ በረንዳው ላይ ነጭ ባንዲራ የሰቀለው፣ ከአስዋን ተሳፍሮ ለፍጻሜ የሚመጣው፣ ልጁን በፌብሩዋሪ 2015 ያጣው ሰው በዚያ ጉባኤ ድምፅ የለውም። ክለቡ የሚታወቀው በእርሱ ብዛት ነው፤ የማስታወቂያና የስርጭት ገቢ የሚመጣው እርሱ ስለሚያይ ነው፤ መወሰን ሲመጣ ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ያለው መሣሪያ ጩኸት ብቻ የሆነ ሰው ቢጮኽ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው፣ ጩኸቱ ተለይቶ የሚሰማው ለአንድ ነገር ብቻ፣ ለአሠልጣኝ ስንብት ብቻ መሆኑ ነው።

«ደጋፊ ስለ ሒሳብ መዝገብ ምን አገባው? እርሱ የሚፈልገው ግብ ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ ከእውነት የራቀ ነው። ማንም ሰው ቢሆን በየትኛውም የሚት ዑቅባ አህዋ ቢቀመጥ፣ የተጫዋቾች ውል መቼ እንደሚያበቃ፣ ለማን ስንት ወር ደመወዝ እንደዘገየ፣ የትኛው የቀድሞ አሠልጣኝ በየትኛው ሸንጎ እንደከሰሰ የሚናገር ሰው ያገኛል። የሚናገረው ግማሹ ወሬ ነው፤ ወሬ የሆነውም የሚያረጋግጥለት ይፋዊ መግለጫ በወቅቱ ስለማያገኝ ነው። የዚዞ ውል ወራት ሲቀሩት «ይፈርማል» እና «አይፈርምም» በሚል ደጋፊው ከረመ፤ በመጨረሻ የሚወደው ተጫዋች ያለ ምንም ክፍያ ወደ ባላንጣው ሲሻገር፣ ክለቡ ምን አቅርቦ ምን እንደተመለሰለት ከስፖርት ፕሮግራም ክርክር ለመቃረም ተገደደ። በዓረብኛም በአማርኛም «አማና» የሚባል ቃል አለ፤ አንድ ሰው ለሌላው በእምነት የሚያስቀምጠው ነገር ማለት ነው። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን ባይመልስ እንኳ የት እንዳለ የመናገር ግዴታ አለበት። የደጋፊው ትዕግሥት አማና ነው። አስተዳደሩ እንደ ራሱ ሀብት ቆጥሮ ለጉድለቱ መሸፈኛ ሊያወጣው አይችልም።

በዚህ ላይ ጥሩ ውጤት ከመጥፎው ይልቅ አሳሳች የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጁን 5 የሆነውም ይኸው ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፤ የመለያ ምቱ ረዘመ፤ ሁለቱም ቡድኖች እየተፈራረቁ ሲመቱ ቁጥሩ ከአምስት አልፎ፣ ከስድስት አልፎ ሄደ፤ በመጨረሻ ዛማሌክ 8 ለ 7 አሸነፈ። 29ኛው የግብፅ ዋንጫው ነበር። የአፍሪካ ሻምፒዮኑ ፒራሚድስ ዘውዱን በጫነ በአራተኛው ቀን ባዶ እጁን ወጣ። በአህዋ የተሰላው ያ ሁሉ ስሌት፣ የተጋጣሚ ድካሙም፣ የአንድ ቀን ዕድሉም ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ቢያንስ ደጋፊው ትክክል ነበርኩ ለማለት በቃ። በዚያ ሌሊት «ዘንድሮ አራት አሠልጣኝ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ሙሽራን ስለ ዕዳው እንደ መጠየቅ ያለ ነው። የሚጠይቅም አልነበረም።

ደስታው ተገቢ ነበር፤ ማንም ሊያደበዝዘው አይገባም። ዕድሜውን ሁሉ በክለቡ ስም የተጠራው የ39 ዓመቱ የአስዋን ልጅ፣ አምበሉ ማሕሙድ ዐብዱረዛቅ «ሺካባላ»፣ ከዚያ ዋንጫ በኋላ ጫማውን መስቀሉ ለብዙዎች የሚገባ ስንብት ሆኖ ታይቷል። ነገር ግን አንድ ዋንጫ የአንድን ዓመት ሒሳብ ሲዘጋው ጉድለቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። በ2024ም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሜይ 19 ቀን 2024 የሞሮኮውን ቤርካኔን ካይሮ ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ሲወስድ፣ በሊጉ የነበረው ድካም ተረሳ፤ ያ የተረሳው ድካም ነው ተመልሶ በስቴለንቦሽ ምሽት የታየው።

በዒዱ ጠዋት በዓረብ ሊግ ጎዳና ተክቢራው ሲሰማ፣ ከሰጋጆቹ መካከል ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ ድምፁ የተዘጋ ሰው እንደማይጠፋ መገመት ይቻላል። ሳምንታት አለፉ። ኦገስት ላይ አዲሱ የሊግ ውድድር ሲጀመር ዋንጫውን ያስገኙት አል-ረማዲ በዛማሌክ ወንበር ላይ አልነበሩም፤ በስፍራቸው ቤልጂየማዊው ያኒክ ፌሬራ ተቀምጠዋል። ክለቡን በ1911 የመሠረተው ጆርጅ መርዝባክም ቤልጂየማዊ እንደነበር የሚያውቁ የአህዋ ሊቃውንት ይህን የመልካም ምልክት አድርገው ተረጎሙት። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ስሌቱ እንደገና ተጀመረ። ፌሬራም የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ተሰናበቱ።